እርስዎ ይጫኑ

እኛ አገር በር የሚሠራው ለመግቢያ አይመስለኝም። ለመገባበዣ ነው። ሁለት የተከበሩ ሰዎች አንድ በር ላይ ከተገናኙ በሩ ለሌላው ሕዝብ አገልግሎት መስጠቱን ያቆማል። «ይግቡ»፣ «የለም፣ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በፍጹም»፣ «ኧረ ይሄማ አይሆንም» ሲባባሉ ከኋላ የተሰለፍነው ፀሐይ ይጠብሰናል። አንዳንዴም ሁለቱም እኩል እሺ ይሉና እኩል ሲገቡ በሩ መሃል ትከሻ ለትከሻ ይቀረቀራሉ። ይህን የምለው መከባበርን ጠልቼ አይደለም። እናቴ ብትሰማኝስ? የምለው ይኸው መከባበር ስንት የለፋሁባትን ማሽን መሳቂያ ስላደረገብኝ ነው።

እኔ ጭሮ ውስጥ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። አሰበ ተፈሪም ብትሉ ያው ናት፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ በሁለቱም ስም ይጠሯታል። ባለቤቴ ብርቱካን ልብስ ሰፊ ናት። የምንኖረው «ክፍል ተኩል» ተብሎ በተከራየነው ቤት ውስጥ ሲሆን፣ ተኩሏ የት እንዳለች የሚያውቁት አከራያችን ብቻ ናቸው። እዚያ ውስጥ የሷ የስፌት መኪና፣ የኔ ሽቦ፣ አልጋችንና እኛ ተዛዝለን እንኖራለን። ታዲያ አንድ ቀን ለደንበኛ በተሰፋ ቀሚስ ጫፍ ላይ የብየዳ ጠብታ አርፋ ተገኘች። እኔ አዲስ ፋሽን ነው ብዬ ለመከራከር ሞከርኩ። ብርቱካን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ወይ ሽቦህ ይወጣል፣ ወይ መኪናዬ ይወጣል፤ መኪናዬ ከወጣ ደግሞ እኔም ተከትዬው ነው የምወጣው አለችኝ። ብርቱካን ስትጮህ አልደነግጥም። ድምጿን ዝቅ ስታደርግ ነው የምፈራት። ስለዚህ ለሽቦዬ ቤት መፈለግ ነበረብኝ፤ ያውም ቶሎ።

ሽቦ ስላችሁ ዝም ብሎ ሽቦ እንዳይመስላችሁ። መሃሉ ላይ መዳፍ የማትሞላ፣ በአንዲት ሰሌዳ ላይ ያለቀች ኮምፒውተር አለች። በሷ የምሠራው ጨዋታ ነበር፤ «የፍጥነት ፍርድ ቤት» የሚል ማዕረግ ሰጥቻታለሁ። ሲታይ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣ አንዲት ፍሬ አምፖልና ሁለት በተን ነው። አምፖሏ መቼ እንደምትበራ አይታወቅም፤ ስትበራ በተኑን ቀድሞ የተጫነ አሸነፈ። አለቀ። ተማሪዎቼን ፕሮግራም መጻፍ ላስተምርበት ብዬ ነው። ጎረቤታችን ባጃጅ ነጂው ይህንን ሁሉ ካስረዳሁት በኋላ፣ አምፖል ፊት ተቀምጦ መቼ ትበራ ይሆን እያሉ መጠበቅ ጨዋታ ከሆነማ እኛ ስንጫወት ነው የኖርነው አለኝ። ግድ የለም፣ ይበል። ደግሞም በተኖቹን የሰጠኝ እሱ ነው፤ የባጃጅ ክላክስ በተኖች ናቸው። በጭሮ የገበያ ቀን ሥራ ላይ የዋለ የክላክስ በተን ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው ጣት አይኖርም።

አንዲት ነገር ደግሞ ጨመርኩባት። አምፖሏ በርታ ማንም ካልተጫነ ማሽኗ በራሴ ድምፅ «አንተ! ተኝተሃል እንዴ? ጫን እንጂ፣ ሰነፍ!» ትላለች። የተዘጋጀው ለተማሪ ነው። ተማሪ በትህትና ሲቀሰቀስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አሁን ወደ ክፍሏ እንምጣ። ከቤታችን ትይዩ፣ መንገድ ዳር፣ ተቆልፋ የምትውል አንዲት ጥሩ ክፍል አለች። ባለቤቶቿ ሁለት ናቸው። አንዱ ሐጂ ሙሜ ይባላሉ፤ የገለምሶ ሰው፣ የታወቁ የጫት ነጋዴ። ሌላው ኦቦ አሊዪ ናቸው፤ መቻራ ከተማ ቡና ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና ጭሮ የገቡ። የሐጂ ወንድ ልጅ የኦቦ አሊዪን ሴት ልጅ ሲያገባ ሁለቱ አባቶች ተጋግዘው ለሙሽሮቹ ሱቅ ትሁን ብለው ክፍሏን ሠሩ። ሙሽሮቹ ድሬዳዋ ሥራ አግኝተው ሄዱ፤ ክፍሏ ቀረች። ስንት ሰው ለመነ መሰላችሁ! ሐጂን ስትጠይቋቸው አማቼ ካሉ እኔ ምን አለኝ ይላሉ። ኦቦ አሊዪን ስትጠይቋቸው ሐጂ እያሉ እኔ ማን ነኝና ይላሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትጠይቋቸው ይተያያሉ። ቁልፉ እንኳ አንድ ቤት አይረጋም፤ «እርስዎ ጋ ይቀመጥ» እየተባባሉ ሲያመላልሱት ነው የሚኖረው።

ከቀትር በኋላ ሁለቱም እዚያች ክፍል በረንዳ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ጫት ይይዛሉ። ይይዛሉ ነው ያልኩት፣ ይቅማሉ አላልኩም። ሐጂ ለጋ ለጋውን መርጠው ለአማቻቸው ያቀብላሉ፤ አማቻቸው ከዚያ የባሰ ለጋ መርጠው ይመልሳሉ፤ ጫቱ መንገድ ላይ ይጠወልጋል። እኒህ ሐጂ እኮ በሥራቸው ችኩል ናቸው። የጫት መኪና ትንሽ ከዘገየ ድምፃቸው ከአንዱ የጭሮ ጫፍ እስከ ሌላው ይሰማል። አማቻቸው ፊት ሲቀመጡ ግን የሚቸኩሉለት ጉዳይ የለም።

እኔም አንድ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮዬን ታቅፌ፣ ላፕቶፔን በትከሻዬ አንግቼ ሄድኩ። አባቶቼ፣ ክፍሏን ብትፈቅዱልኝ ብዬ ነበር አልኩ። ተያዩ። መተያየቱን ጠብቄው ስለነበር አላስጨረስኳቸውም። ዛሬ እናንተን አላስቸግርም፣ ፈቃጁን የምትመርጠው ማሽኗ ናት፤ መብራቷ ስትበራ ቀድሞ የተጫነ እሱ ይወስናል፣ ወቀሳ ቢኖርም በማሽኗ ላይ እንጂ በእናንተ ላይ አይደለም አልኳቸው። በብልሃቴ ኮርቼ ነበር፤ አልዋሻችሁም። ሐጂ ሳቁ። ኦቦ አሊዪም፣ ወላሂ የዛሬ ልጆች አሉና ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ምንጣፉ መሃል አኖሩት። ሐጂ ቀዩን በተን፣ ኦቦ አሊዪ አረንጓዴውን ያዙ። ባጃጅ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። ብርቱካንም የልክ መውሰጃ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ብቅ አለች።

አምፖሏ በራች። ሁለቱም አዩዋት። ከዚያ ተያዩ። ሐጂ እጃቸውን ከበተኑ ላይ አንስተው «ኢሲን ዱራ» አሉ፤ እርስዎ ይቅደሙ ማለታቸው ነው። ኦቦ አሊዪ «ላኪ! የለም ሐጂ፣ እርስዎ እያሉ? እርስዎ ይጫኑ» አሉ። ኧረ እርስዎ ይጫኑ፣ ኧረ በአላህ፣ እየተባለ አምፖሏ በርታ ቀረች። ድንገት በማሽኗ የቀዳሁት ድምፅ ትዝ አለኝ። ቆርቆሮዋ ላይ ልወድቅባት ስንደረደር ቀደመችኝ። «አንተ! ተኝተሃል እንዴ? ጫን እንጂ፣ ሰነፍ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በደስታ እገባ ነበር። ሐጂ ሙሜ «አስታግፊሩላህ» አሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ይሄ ስድብ ለእኔ ነው፣ እውነትም ዛሬ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎኛል አሉ። ኦቦ አሊዪ ቀበል አድርገው፣ ምን ሲባል ሐጂ፣ ሰነፍ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ድምፁም የመጣው በእኔ በኩል ነው አሉ። በስድቡም መገባበዝ ጀመሩ! አንዱም እኔን አልተቆጣኝ፤ ለመቆጣትም መቅደም ያስፈልጋላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ቆርጦ ቆርቆሮውን ይሰበስባል። እኔ ግን ተንኮል ሲመጣልኝ ጊዜ ላፕቶፔን አውጥቼ ፕሮግራሙን ገለበጥኩት። አባቶቼ፣ ሕጉ ተቀይሯል አልኳቸው። ከእንግዲህ አሸናፊው ኋላ የተጫነው ነው፤ ክብሩም ውሳኔውም የሱ ነው፤ ቀድሞ የተጫነ ተሸነፈ። ገባችሁ? አማቹን ማክበር የፈለገ መፍጠን አለበት ማለት ነው።

የሁለቱም ዓይን ተለወጠ። ሐጂ ሙሜ የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ትከሻቸው ጣሉ። ኦቦ አሊዪ ጉልበታቸውን አስተካክለው፣ ጉንጫቸው ውስጥ የነበረውን ጫት ወደ ጥግ አደረጉ። አምፖሏ ብልጭ ከማለቷ ሁለት መዳፍ አንድ ላይ ወረደ። ቆርቆሮዋ ዘለለች፣ ጫቱ ተበተነ፣ ውሃ የያዘው ጆግ ተገለበጠ። እነዚያ በር ላይ ግማሽ ቀን የሚቆሙ ሽማግሌዎች! ባጃጅ ነጂው ጭንቅላቱን ይዞ፣ እንዲህ ያለ እጅ ክላክስ ላይ አይቶ እንደማያውቅ ማለ። ማሽኗም በፀጉር ስንጥቅ ለይታ «አረንጓዴ አሸነፈ» አለች።

ሐጂ በመሸነፋቸው ከመቀመጫቸው ተነሥተው «አልሐምዱሊላህ!» አሉ። አሸናፊው ኦቦ አሊዪ ግን ከልባቸው አዘኑ። ሐጂ መብራቷ ሳትበራ ነው የተጫኑት፣ ይደገም አሉ። ሐጂ አይደገምም፣ በሥርዓት ነው የተሸነፍኩት አሉ። እኔ ተሸነፍኩ፣ እኔ ነኝ የተሸነፍኩት በሚል ሁለት የተከበሩ አማቾች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ሲያነሡ የሰማነው ያን ዕለት ነው። በመጨረሻ ኦቦ አሊዪ እጃቸውን አነሡ። እሺ፣ ማሽኗ ወስን ካለችኝ እወስናለሁ አሉ። በዓይኔ ክፍሏ ውስጥ መደርደሪያ ገጠምኩ፣ ጠረጴዛም አስገባሁ። ኦቦ አሊዪ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሐጂ እንዲወስኑ ወስኛለሁ አሉ።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ለዚህ ፕሮግራም የለም። ይህን የሚችል ኮምፒውተር በትልቁም ሆነ በትንሹ አልተሠራም፤ የሚሠራም አይመስለኝም።

ይኼኔ ብርቱካን ቀረብ አለች። ጎንበስ ብላ ሁለቱንም እጅ ነሣች፤ ቁልፉን ከምንጣፉ ላይ አነሣች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። አባቶቼ፣ ፍቀዱልኝ ብዬ አላስቸግራችሁም አለች፤ ክፍሏን ልከፍት ነው፣ ኪራዩንም እንደ አካባቢው እከፍላለሁ፤ የሚከለክለኝ ካለ ይቅደምና ይከልክለኝ።

ሐጂ ኦቦ አሊዪን አዩ። ኦቦ አሊዪ ሐጂን አዩ። ሐጂ በእጃቸው ይቅደሙ የሚል ምልክት ሰጡ። ኦቦ አሊዪ ምልክቱን በአክብሮት መለሱ። ብርቱካን ቁልፉን ስታዞር፣ ሁለቱም ገና እየተገባበዙ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን የሁለቱም ፊት በራ፤ የዓመታት ሸክም ከጫንቃቸው የወረደላቸው ይመስሉ ነበር። መርቀው መርቀው አልጠግብ አሉ፤ ምርቃቱንም ማን እንደሚጀምር ለመነጋገር ትንሽ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

እኔ በሚስቴ ኮርቼ ሽቦዬን ላመጣ ወደ ቤት ሮጥኩ። በካርቶን ሞልቼ ስመለስ ባጃጁ ክፍሏ በር ላይ ቆሟል፤ የሚያወርደው የብርቱካንን የስፌት መኪና ነው። ሽቦዬና መኪናዋ አንድ ላይ ይወጣሉ ብላኝ አልነበረም፤ አንዱ ይወጣል ነው ያለችው። ሽቦህማ ቤቱን ሙሉ አገኘ፣ ምን ጎደለህ አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀጥላም የማስተምረው በጠዋቱ ፈረቃ መሆኑን አስታወሰችኝና፣ ሱቅ የሚውል ሰው ምሳ ሊሠራ አይችልም፣ ቤት የሚውል ይሠራል አለች። ልቃወማት አፌን ከፍቼ ዙሪያዬን አየሁ። ባጃጅ ነጂው፣ ሐጂና ኦቦ አሊዪ ሦስቱም ራሳቸውን በአዎንታ እየነቀነቁ ነበር፤ ያውም ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ አንድ ላይ።

አሁን ሽሮ ሊያር ሲል የሚጮህ ሳጥን እየሠራሁ ነው። እስካሁን ግን የሚቀድመው ሽሮው ነው።