ክቡር ተቀማጭ

በየቤተሰቡ አንድ ቁጭ ብሎ የቀረ ወጣት አይጠፋም። እኛ ቤት የለም የምትሉ ጓዳውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ።

የእኛው ክቡር ተቀማጭ የእህቴ ልጅ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጠው በኮምፒውተር የአንድ ድርጅት ደንበኞችን ያስተናግዳሉ። ሥራ ሲያበቃ ደግሞ የመቀመጡን ድካም ለማውጣት እዚያው ተቀምጠው ፊልም ያያሉ።

"አሁን እነሳለሁ" የዘወትር ቃላቸው ናት። ምሳ ሲቀርብ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ "አሁን እነሳለሁ"። አንድ ቀን ጎረቤት እሳት ተነሳ ተብሎ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሳቱ ተነሳ እንጂ እሳቸው አልተነሱም። በመስኮት አንገታቸውን አስግገው "ወደኛ እየመጣ ነው?" አሉ። አይ ሲባሉ ተመልሰው ተደላደሉ። እናታቸው ወለሉን ስትወለውል ከነወንበራቸው ገፋ ታደርጋቸዋለች። ጎማ ያለው ወንበር የሠራ ሰው ነፍሱን ይማረው።

እየቆየ ግን ቀልዱ አልጥም አለኝ። ሳቃቸው ጠፋ። ጓደኞቻቸው ሲደውሉ ስልኩን ገልብጠው ማስቀመጥ ጀመሩ። እህቴም "ልጄን ምን ነካብኝ?" እያለች መብሰልሰል ያዘች። አንድ ከሰዓት አጠገባቸው ሄድኩና ማዕረጉን ትቼ "ምን ሆነሃል?" አልኩት።

"እንጃ አክስቴ። ምንም አልሆንኩም። ብቻ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል።"

ምክር ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

"ሐኪሜ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ ብላኛለች" ብዬ ዋሸሁ። "ብቻዬን መንገድ መሻገር ፈራሁ።"

"ነገ አይሻልም?"

"እሺ፣ መኪና ከገጨኝ ለእናትህ አንተ ትነግራታለህ።"

"አሁን እነሳለሁ" አለ። የዚያን ቀን ተነሳ።

ሰፈራችን ጫፍ ያለው ድልድይ ጋ ሳንደርስ አለከለከ። ከዚያው ተመለስን። በማግስቱ ግን ጫማውን አድርጎ በር ላይ ጠበቀኝ። እያደር ወንበሩ ላይ አልወጣ ያለው ነገር መንገድ ላይ ይወጣ ጀመር፦ እንቅልፍ እንደሚሸሸው፣ እኩዮቹ ሁሉ ጥለውት የሄዱ እንደሚመስለው። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለውም እሺ አለኝ። አሁንም ልቡ የሚከብድበት ቀን አለ፤ በዚያ ቀንም ቢሆን እንወጣለን።

ዛሬ ዛሬ እርምጃው ፈጥኗል። ቀድሞኝ ይሄድና መታጠፊያው ላይ ቆሞ "አክስቴ፣ ምነው ቀንድ አውጣ ሆንሽብኝ?" ይላል።

"ጉልበቴን" እላለሁ።

ጉልበቴስ ደህና ነው። መንገዱ እንዲረዝም ብዬ ነው።