ቀለም የማይበስልላቸው ጋሽ ጉልላት

በየከተማው የዘመኑን ፎቶ እያዩ የሚያዝኑ አንድ አዛውንት አይጠፉም። ለሀዋሳ የደረሷት ጋሽ ጉልላት ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር፣ በፊልም ካሜራ ያልተነሳ ሰው ፎቶ አለኝ ሲል የሚገርማቸው።

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የሚያሳያቸው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። ጥሬ ሽሮ የቀረበላቸው ይመስል ፊታቸውን አጨፍግገው «ቀለሙ አልበሰለም» ይላሉ። ፊልም ላይ ቀይ ይሞቃል፣ ጥላ እንኳ ቀለም አለው ብለውም ያስረዳሉ። አንዴ ለቅሶ ቤት የሟቹን ፎቶ አይተው «እግዜር ያጥናችሁ» ካሉ በኋላ ያንኑ ደገሙት።

የእህታቸው ልጅ ታቢታ ስታገባ፣ እባክዎ ካሜራዎን ትተው ባዶ እጅዎን ይምጡ ብላ ለመነቻቸው። እሺ አሉ። በሰርጉ ዕለት ሐይቁ ዳር ካሜራቸውን አንግተው ተገኙ።

የተቀጠረው ፎቶ አንሺ ሥራውን ቶሎ ጨረሰ። ጋሽ ጉልላት ግን ፀሐይዋ ማር እስክትመስል ሙሽሮቹን አቆሟቸው። ሚዜዎቹ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሙሽራው ሳምሶን ራበው፤ አጠገባቸው የቆመው የሐይቁ ወፍ አባ ኮዳ እንኳ ሰልችቶት በረረ። የታቢታ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። በመጨረሻ ጋሼ ፊልሙ አልቆ እንደሆነ ለማየት የካሜራውን ጀርባ ከፈቱት። ብርሃን የገባበት ፊልም እንደሚቃጠል ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

መጀመሪያ የደረሰው የተቀጣሪው አልበም ነው። ሰዉ ሁሉ ነጥቷል። የታቢታ እናት ወይዘሮ አባይነሽ አንዱን ገጽ ገልጠው፣ ይቺ ዱቄት የተነፋባት ሴትዮ ማን ናት ብለው ጠየቁ። ራሳቸው ነበሩ።

የጋሼ ፊልም አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። ከተቃጠለው ሁሉ አንዲት ፎቶ ተርፋለች፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን። ሐይቁ ከኋላቸው ወይን ጠጅ መስሏል፤ የአባይነሽ ጠይም ፊት የማታዋን ፀሐይ ጠጥቶ ያበራል። አባይነሽ ብዙ አዩዋት።

«ይቺስ እኔ ነኝ» አሉ።

ታቢታ ፎቶዋን ሳሎን ሰቀለቻት። ጋሽ ጉልላት መጥተው ትንሽ ወደ ቀኝ ብትቆሙ ኖሮ ብለው አጉረመረሙ። ሁልጊዜ የምትከራከራቸው ታቢታ አሁን ግን ሳቀች።

ዓመት አለፈና የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሳምሶን ለዚሁ ብሎ ውድ ስልክ ገዝቶ ነበር። እሷ ግን አልጋዋ ላይ ሆና ለአጎቷ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፊልም አለዎት?»

ጋሼ መሳቢያ ሲከፍቱ በስልኩ ተሰማ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ቀርታኛለች። ለቀብሬ ያስቀመጥኳት ነበረች። ግድ የለም፣ ቀብሩ ይቆይ።»