አንድ ድሪቶ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብለን የምንጠይቀው መልሱን ልናምን አይደለም። ልብስ ሰፊው «ቅዳሜ ኑ» ይላችኋል። ለቅዳሜ እንደማይደርስ እሱ ያውቃል፣ እናንተም ታውቃላችሁ፣ ቅዳሜ ራሱ ሳያውቅ አይቀርም፤ ግን ቅዳሜ ትሄዳላችሁ። ቤት የሚሠራው ግንበኛውን፣ የታመመው ሐኪሙን፣ ልጁን የዳረው ደግሞ ምራቱን እያየ እንዲሁ ሲጠይቅ ይኖራል። የሚያልቅበት ቀን ካልተነገረን ነገሩ የተጀመረ አይመስለንም። ይህን ጥያቄ የማልወደው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ምክንያት ደግሞ አለኝ።

በቀደም አትላስ አካባቢ ጉዳይ ነበረኝና ስመለስ አንድ የሚያብረቀርቅ ሱቅ ውስጥ ድሪቶ ተሰቅሎ አየሁ። ድሪቶ! ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተቀጣጠለ የሚሰፋው፣ ብርድ ልብስ መግዣ ያጣ ሰው የሚደርበው፣ ስሙ ራሱ ስድብ የነበረው ድሪቶ፣ አሁን መብራት በርቶለት እንደ ሙሽራ ይታያል። ገባሁና ዳሰስኩት። ሻጯ ልጅ መጣችና «በእጅ የተሠራ ነው ማዘር፤ አንዱን ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይፈጃል» አለችኝ በኩራት። ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ቅር ሳይላት አልቀረም፤ ዋጋውን እንኳ ሳትነግረኝ ሄደች። እኔም ወጥቼ መንገዱን ሳልሻገር እንባዬ መጣ። ሳቅና ለቅሶ በእኔ ዕድሜ አጥር የላቸውም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በዚያ በቀይ ሽብሩ ሰሞን ነው። እኔና ባለቤቴ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከቪላዎቹ ኋላ ከተጠጉት የጭቃ ቤቶች አንዱ ደርሶን ገብተን ነበር። ዛሬ ፎቁን ቀና ብላችሁ ስታዩ ባርኔጣችሁ የሚወድቅበት ሁሉ ያኔ ሜዳ ነው፤ ገርጂማ የጤፍ ማሳ ነበር። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ ለተብርሃን ትባላለች። ከትግራይ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ በርበሬና ቅመም እየነገደች ልጇን የምታሳድግ ሴት ናት። ብዙ ብትበልጠኝም አንቱ እንዳልላት ከልክላኛለች፤ «አንቱ ስትይኝ ጥርሴ የሚረግፍ ይመስለኛል» ትል ነበር።

ልጇ ክንፈ አንድ ለእናቱ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሷል፤ ቀጭን፣ መንገድ ላይ እያነበበ ሲሄድ ከስልክ እንጨት ጋር ተጋጭቶ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ልጅ። አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር አብዮት ጠባቂዎቹን አስከትሎ መጣና ወሰደው። ከዚያ አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ከሌሎች ልጆች ጋር ተጥሎ ተገኘ። ይኸው ነው። ከዚህ በላይ አላወራም፤ በጊዜው የነበረ ያውቀዋል፣ ያልነበረም እንኳን አልነበረ።

ሊቀመንበሩ በማግስቱ ሰው ላከ። ድንኳን የለም። ጥቁር መልበስ የለም። ከዚህ ቤት የለቅሶ ድምፅ ቢሰማ ያለቀሰውም የመጣውም እንደ ፀረ አብዮተኛ ይቆጠራል። እድራችን ድንኳኑን ቆልፎ አንገቱን ደፋ።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ሐዘን በእኛ አገር ብቻውን የሚበላ ምግብ አይደለም። ቤቱ በሰው ይሞላል፤ አንዷ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ሦስተኛዋ «ተዉ እንጂ፣ አሁንስ ይበቃል» ትላለች፤ ሐዘንተኛዋ በግድ ትጎርሳለች፣ በግድ ትተኛለች፣ በግድ ትኖራለች። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሰው የሞተ አይመስልም። ይባስ ብሎ የኖረም አይመስልም። ለተብርሃን ግን በሯን ዘግታ ቀረች። ጭስ አይወጣ፣ ድምፅ አይሰማ። በአጥሩ ቀዳዳ ስጠራት አንድ ቀን ብቻ መለሰችልኝ፤ «ጮኼ ላውጣው፤ እዚህ ደረቴ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጮኼ ላውጣው» አለች። እህል አልቀመሰችም። ልጁን ቀብረን ሳናበቃ (መች ቀበርነውና!) እናቲቱን ልንቀብር ነው አልን።

መላውን ያመጣችው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ወሎዬ ናት፤ ባሏ ልብስ ሰፊ፣ አንደበቷ ማር፣ ቁጣዋ በርበሬ። አንድ ጠዋት ከባሏ ሱቅ የተራረፈውን ቁርጥራጭ ጨርቅ በጆንያ ሞልታ ተሸክማ፣ መታጠፊያው ላይ የቆመው ጠባቂ እንዲሰማት አድርጋ ተጣራች። «ለተ! ክረምት ደረሰ እኮ፣ ያልሽኝን ድሪቶ ዛሬ እንጀምራለን! ሴቶች! መርፌ ያላችሁ ኑ!» መርፌ የሌለን ሁሉ ሳንቀር መጣን።

የዚያን ቀን በእግዜር ጥበቃ ነው የተረፍነው። ምክንያቱም ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ ሳናውቀው ነጠላችንን ለሐዘን እንደሚለበሰው ዘቅዝቀን ነው የመጣነው። እጅ የለመደውን ያደርጋል። ዘይነባ በር ላይ ቆማ ዓይኗን አፈጠጠችብን። «ምን ሆናችኋል እናንተ? ጥለቱን መልሱ! የመጣነው ለስፌት ነው!» ደጃፉ ላይ እየተጋፋን ነጠላ ገልብጠን ለበስን።

ጆንያው መሐል ቤት ተዘረገፈ። ለተብርሃን መደቡ ላይ ተቀምጣ ጨርቁን ታየዋለች እንጂ አትነካውም። ዘይነባ አንድ ቁራጭ አንስታ እጇ ውስጥ አስቀመጠችላት። ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆየች፤ ከዚያ ጠርዙን ማጠፍ ጀመረች። ከሰዓት በኋላ ከእኔ ሳህን ሁለት ጉርሻ በላች።

እንዲህ ሆኖ ለቅሶ ተቀመጥን። ሙሾው ድምፁ ዝቅ ብሎ እንደ ሥራ ዘፈን በአፍንጫ ይወርዳል። አንዷ «አንድ ልጅ ነበር አሉ፣ መጽሐፍ እያነበበ ሲሄድ እንጨቱን ይቅርታ የሚጠይቅ» ብላ ትጀምራለች፤ ሌላዋ «እኔም ሰምቻለሁ፣ ለአሮጊት ውኃ የሚቀዳ ነበር አሉ» ትላለች። ጠባቂው ድንገት ብቅ ብሎ ዓይናችን ቀልቶ ካየ ደግሞ መርፌ ወግቶን ነው። ሥራ የማይችል ይህን ያህል ሴት አንድ ቤት ተሰብስቦ አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይሄድ ነበር።

ጭንቁ ድሪቶው የማለቁ ነገር ነው። ካለቀ ምን ብለን እንሰበሰባለን? ስለዚህ ሊገባደድ ሲል አንዷ «ይህ ቀይ ከዚህ ቢጫ ጋር አይሄድም» ትላለች፤ ሁላችንም «እውነቷን ነው፣ ዓይን ይወጋል» ብለን እንተረትረዋለን። የእኔ ስፌት ከሁሉም ይጣመም ስለነበር በየቀኑ የሚፈታው የእኔ ወገን ነው። ሙያ ማጣቴ ለሰው የጠቀመው ያን ጊዜ ብቻ ነው። አማቴ ይህን ሳያዩ ማለፋቸው ይቆጨኛል።

ይግረማችሁና ሊቀመንበሩ በቀበሌ ስብሰባ ላይ አሞገሰን። ሴቶቻችን ከወሬ ወጥተው በምርት ተሰማርተዋል፣ ለሌሎች አርአያ ናቸው አለ። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ። የአብዮቱ በዓል ሲከበር ድሪቶው ለሕዝብ እንደሚታይም ተናገረና ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ጠየቀ። ዘይነባ ብድግ ብላ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የድሪቶ ነገር እንደ ጨርቁ ነው» አለችው።

ከዚያ አርባው ደረሰ። የክንፈ አርባ። በአፋችን አላነሳነውም፤ ግን ማን ነው የማይቆጥር? የዚያን ቀን ማንም ከማንም ሳይመካከር ሁላችንም ንፍሮ ቀቅለን መጣን። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ሁሉም በየሻሹ ተቋጥሮ ገባ። ሲፈታ ተያየን። ንፍሮ በየቤቱ ይቀቀላል፤ ያን ያህል ንፍሮ ባንድ ቤት የሚከመረው ግን ለሐዘን መሆኑን ሕፃን ልጅም ያውቃል። እንሰውረው ስንል በሩ ተከፈተና ሊቀመንበሩ ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ገባ።

ድሪቶውን ሊያይ ነበር የመጣው። ዱካ ተሰጠውና ተቀመጠ። ዓይኑ ንፍሮው ላይ አረፈ። ዘይነባ ሌላ ምን ታድርግ፣ «የሠራተኛ ምሳ ናት፣ ቅመሱ» ብላ ሳህኑን አቀረበችለት። ሰውየው አንድ እፍኝ ዘገነ። ጎንበስ ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ አንድ አንድ እያደረገ በላ። እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው፤ ስንት ለቅሶ ቤት እንደዚያው ጎንበስ ብሎ በልቷል። ሲጨርስ እጁን አራገፈና ተነሣ፤ ወደ ለተብርሃን ዞሮ ራሱን ዝቅ አደረገና «እግዜር ያጽናሽ» አለ።

ያለውን የሰማው ካለ በኋላ ይመስለኛል። ፊቱ ደም መሰለ። ሁለቱ ጠባቂዎች እርስ በርስ ተያዩ። «ይሄ ነገር ነገ ይለቅ!» ብሎ ጮኸ፤ «ከነገ ወዲያ እዚህ ቤት ሰው እንዳይሰበሰብ!» በሩን ወርውሮት ወጣ። በማግስቱ ጨረስነው። ለካ ድሪቶ በአንድ ቀን ያልቃል። ጠባቂዎቹ ጠቅልለው ወሰዱት፤ የት እንደደረሰ አላውቅም።

ለተብርሃን ወደ ቅመሟ ተመለሰች። መብላቱንም መተኛቱንም ለምዳለች፤ ሴቶቹ ያን ያህል አትርፈዋታል። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ግን እዚያው ነው። በርበሬ ስትደልዝ አልፎ አልፎ እጇን እዚያ ላይ ታሳርፍና ቀጥ ትላለች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሊቀመንበሩ «ሰርጎ ገብ» ተባለ። በዚያ ዘመን የሚያስረውም የሚታሰረውም ወንበር ሲለዋወጡ ነው የከረሙት። የገዛ ጓዶቹ ወሰዱት፤ መጨረሻውም እንደ እነ ክንፈ ሆነ። አንዳንዶች ያን ቀን ከአፉ ያመለጠችው ቃል ናት ያስበላችው ይላሉ፤ እውነቱን የሚያውቅ የለም። ሚስቱ ጥሩወርቅ ቪላዋ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ድንኳን የለም፣ ጥቁር የለም፣ ለቅሶ የለም፤ ያው ትእዛዝ። በሰፈሩም ወደዚያ ቤት ዞር ብሎ ያየ አልተገኘም፤ እንዲያውም ጠጅ ያማረው ብዙ ነው።

አንድ ጠዋት ለተብርሃን ጆንያ ሙሉ ጨርቅ ተሸክማ ስትወጣ አጥር ላይ ያዝኳት። የት ነው ስላት «ጥሩወርቅ ቤት፤ ድሪቶ ልሰፋ» አለችኝ። አብደሻል እንዴ አልኳት። ጆንያውን አወረደችና ፊቴን አየችው።

«አፍ አውጥቶ እግዜር ያጽናሽ ያለኝ እኮ እሱ ብቻ ነው። እናንተ ከእኔ ጋር አለቀሳችሁ፣ አበላችሁኝ፣ እስክሞት አልረሳውም። ቃሏን ግን ፈራችኋት። እሱን ይቅር አላልኩትም፣ እግዜር ይፋረደው። እሷ ግን ሰው ሳይገባላት መቅረት የለባትም።»

እውነቷን ነው። ያን ሁሉ ቀን ተቀምጠን ያቺን አንዲት ቃል ከመካከላችን የደፈረ የለም። ዘይነባን ጠራኋት፣ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ።

በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ በአርባው ቀን ከሊቀመንበሩ ጋር ከገቡት ከሁለቱ አንዱ ነበር። መርፌና ክራችንን አየና አሳለፈን። ጥሩወርቅ ሳሎኑ መሐል ቆማ አገኘናት። ለምን እንደመጣን ገባት፤ የሊቀመንበር ሚስት ናትና ስለ ድሪቶው የሰማችውን ሰምታለች። የምትሰጠን ቁርጥራጭ ፈለገች፤ እንደዚያ ዓይነት ቤት ውስጥ ቁርጥራጭ ከየት ይመጣል? መቀስ አነሣችና ሙሉውን የመስኮት መጋረጃ እየቆራረጠች መሬት ላይ ጣለችው። ለተብርሃን መቀሱን ተቀበለቻት፤ መርፌ ላይ ክር አስገብታ ሰጠቻትና፣ ጠባቂው ከውጭ እያዳመጠ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ «እግዜር ያጽናሽ» አለቻት።

ጥሩወርቅ ፊቷን ሸፈነች። ዘይነባ ግን ወደ ጥሩወርቅ አልዞረችም። ወደ ጎረቤታችን ዞረችና «አንቺንም ለተዬ፤ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለች። እኔም አልኩ። ሁላችንም አልን፤ ከስንት ወር በኋላ።

ለተብርሃን ያን ጊዜ ጮኸች። በአገሯ ቋንቋ «ወደይ! ወደይ!» እያለች፣ ልጄ ልጄ ማለቷ ነው፣ ደረቷን እየመታች፣ ያ ሁሉ ወር የተቀመጠው ወጣ። ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ሮጦ ገባ። ሴትዮዋን አወቃት፤ የማን እናት እንደሆነች ያውቃል። ለገዛ አለቃው እንዲህ ስትሆን ያየ መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ቀስ በሉ እንጂ» ብቻ ብሎ በሩን መልሶልን ወጣ። ለክንፈ ቢሆን ኖሮ ሁላችንንም ይነዳን ነበር።

በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ለተብርሃን ልጇን ላስገደለው ሰው ደረቷን መታች ተባለ። ግማሹ ጻድቅ አላት፣ ግማሹ የልጇን ደም የረሳች። እኔ በግኜ ቤት ለቤት እየዞርኩ እውነቱን ላስረዳ ስነሣ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። እንቅልፍ ጠግባ እንደተነሣች ሴት ፊቷ ለቀቅ ብሏል።

«ተያቸው» አለችኝ። «እኔ እንደሆን ልጄን አልቅሼዋለሁ።»