የ«ቢቀርስ?» ሚኒስትር

ገዳሪፍ ውስጥ ከሙቀቱ የሚብስ ነገር ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ዕዳ ከፍላ ለመጨረስ የቆረጠች ሙሽራ ናት እላለሁ። ከሙቀቱ ጥላ ስር ገብተህ ታመልጣለህ። ከሷ ግን የት ትገባለህ? ቁጠባዋ አጥር አያግደውም። ከባሏ ኪስ ይጀምርና የጎረቤቱን ስኳር፣ የጎረቤቱን ሳሙና እያለ የጎረቤቱ ነፍስ ላይ ይደርሳል። እንዲህ ያለች ሴት በየሰፈሩ አንዳንድ አትጠፋም። ሾዋክም አለች፣ ኒው ሀልፋም አለች፣ ወላሂ ካርቱም ብትወርዱም ታገኟታላችሁ። የኛ ግቢዋ ግን የሁሉም አለቃ ናት። ስሟ መክሊት ነው። እኔ «ክብርት ሚኒስትር» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ታከለ፣ አፍህንም ቆጥብ» ትለኛለች።

እንግዲህ ዕዳው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከሠርጋቸው መጣ። ባሏ ትግሉ የትራክተር ሾፌር ነው፣ ሲበዛ ደግ፣ ሲበዛ ይሉኝታ ያለው። ሊያገባ አገር ቤት፣ ጭልጋ፣ ገባ። ከሱዳን የሚገባ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይገባም። ይሄ ሕግ የትም አልተጻፈም፣ ግን ጠረፉ ላይ ከሚቆመው ፈታሽ ይበረታል። ለአጎት ብርድ ልብስ፣ ለአክስት ቶብ የሚሉት የሱዳን ሴቶች መጠቅለያ ጨርቅ፣ ለጎረቤት ሽቶ፣ ለልጅ ከረሜላ፣ ገና ላልተወለደውም አንድ ነገር ይያዛል። ትግሉ ይሄን ሁሉ ከሐጂ ኸድር ሱቅ በዱቤ ጫነ። ሦስት ሺ ጁኔህ፣ በሱዳን ገንዘብ። ያኔ በሦስት ሺ ጁኔህ ስንት ነገር ይሠራ ነበር መሰላችሁ! ታዲያ ጭልጋ «ትግሉ ሱዳንን ጠቅልሎ መጣ» ተባለለት። የመክሊት እናት፣ እትዬ ሸዋረጋ፣ ልጃቸውን የሰጡት ለሽቶው ብለው ነው አልልም። ሽቶው ግን ነገሩን አልጎዳውም።

መክሊት የሀብታም ሚስት ሆና ገዳሪፍ ገባች። ያገኘችው አንድ አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ፣ ያውም ገመዱ የረገበ፣ አንድ ጀሪካንና ሐጂ ኸድርን ነው። ሐጂ ኸድር በሩ ላይ ቆመው፣

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ባልሽ አለ?» አሏት።

ሦስት ቀን አለቀሰች። ግድግዳችን ቀጭን ስለሆነ እኔም ሦስት ቀን አልተኛሁም። በአራተኛው ቀን ፊቷን ታጠበችና ትግሉን «ስንት ነው?» አለችው። ነገራት። «እሺ» አለች። ከዚያ እሺ በኋላ ግቢያችን ሰላም አጣ።

መጀመሪያ የተያዘው ስኳር ነው። ሱዳን ውስጥ ሻይ ማለት ስኳር ነው፤ ሻይ ቅጠሉ የሚገባው ለቀለም ብቻ ነው። ትግሉ አራተኛውን ማንኪያ ሲያነሳ «ቢቀርስ?» አለችው። ጥያቄ ይመስላል አይደል? አዋጅ ነው። አራተኛው ማንኪያ ቀረ፣ ሦስተኛው ቀረ። ሲጋራው ቀረ። የዓርብ ሥጋ ወደ ወር ተዛወረ። እሷም ዝም ብላ አልተቀመጠችም፣ ሰሊጥ መጋዘን ገብታ ማበጠር ጀመረች፤ ማታ ስትመለስ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ነው። ፊቷን ለመታጠብ ሳሙናውን ታነሳለች፣ ታየዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

እኔ ደግሞ ሚስት የለኝ፣ ዕዳ የለኝ። ራክሻ ነው የምነዳው፣ ያው ባለ ሦስት እግሯን። ከሥራ ስመለስ አንድ ቀዝቃዛ ለስላሳ ገዝቼ በሬ ላይ እቀመጣለሁ።

«ቢቀርስ?» ትለኛለች።

«የኔ ገንዘብ ነው እኮ።»

«የኔ ነው ያለህ አለ?»

ራክሻዬ ላይ ስትሳፈር ደግሞ ስሙልኝ።

«ገበያ አድርሰኝ።»

«ሁለት ጁኔህ።»

«አንተ እንደሆንክ ወደዚያው ነህ።»

«ወደዚያው አይደለሁም።»

«ታዲያ ወዴት ነህ?»

«ወዴትም፤ ቆሜአለሁ።»

«የቆመ ሰው የሚሄድበትን በምን ያውቃል? ተነስ በል።»

ይሄን ክርክር የሚያሸንፍ ሰው ከተገኘ ራክሻዬን ከነጎማዋ እሰጠዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በነጻ ነው ያመላለስኳት።

ኸሪፍ ሲገባ፣ ዝናቡ ሲጀምር ማለቴ ነው፣ ትግሉ ወደ መፋዛ ወርዶ የሰው እርሻ ያርሳል። ሦስት ወር አራት ወር አይመለስም፤ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። ክብርት ሚኒስትር ለስልክም ሕግ አወጣች። አንድ ጊዜ ጢር ካለ ደህና ነኝ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካለ ገንዘብ ልኬአለሁ። የሚያነሳ የለም። ያነሳ ሰው ዕዳው ላይ ጨመረ ማለት ነው።

በየቀኑ ፀሐይ ልትገባ ስትል አንገረቡን አውጥታ ትቀመጣለች፣ ስልኩ ጭኗ ላይ። አትሠራም፣ አታወራም። አንድ ጊዜ ጢር ይላል፣ ይቆማል። እሷም ትነሳና ክሰሉን ታቀጣጥላለች። የሁለቱ ትዳር በኸሪፍ ይቺ ነበረች፣ የአንዲት ጢር ትዳር። እኔ መጀመሪያ ያስቀኝ ነበር። እየቆየ ግን እኔም ያቺ ስልክ ጢር ሳትል እንጀራ አይወርድልኝም።

አንድ ጊዜ ከባድ ዝናብ ጣለና ስልኩ ሦስት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን ክሰል አላቀጣጠለችም። አንገረቡ ላይ እንዳለች ጨለመ።

«ክብርት ሚኒስትር» አልኳት፣ «ካርድ ልግዛና ደውይለት።»

«ቢ…» አለችና አልጨረሰችውም።

ሮጬ ገዛሁ። ሞላችው፣ ደወለች፣ ኔትወርክ የለም። እንደገና ደወለች፣ የለም። በነጋታው ልክ በሰዓቱ አንዲት ጢር መጣች። ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ቆየች። ኋላ ዞራ «የካርዱ ስንት ነበር?» ስትለኝ፣ «ቢቀርስ?» አልኳት። ገዳሪፍ ከገባች ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ ዕዳው አለቀ። ትግሉ የመጨረሻዋን ሲከፍል እኔም አብሬው ሐጂ ኸድር ሱቅ ነበርኩ። ሐጂ ደስ አላቸው፣ መረቁት።

«መዝገቡ ላይ ስምህ አሁን ነጭ ሆነ፣ ልጄ» አሉት። ትንፋሽ ሳይወስዱ ደግሞ «አገር ልትገቡ ነው ሲሉ ሰማሁ። አዲስ ቶብ ገብቷል» አሉ።

ነጋዴ እንዲህ ነው፤ ነጭ ነገር ሲያይ መጻፍ ያምረዋል።

አገር የመግባቱ ወሬ እውነት ነበር። ከመተማ የመጣ አንድ ሰው የእትዬ ሸዋረጋ ዓይን እየደከመ ነው፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ሆኗል ብሎ ነግሯታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ መክሊት ሰሊጥ ስታበጥርም ልቧ እዚያ ነው። ደርሶ መልስ የሚያደርስ ገንዘብ አጠራቅማለች። ለቶብና ለሽቶ የሚሆን ግን የለም። ክርክራቸው እዚህ ላይ ነው፤ ግድግዳችን ቀጭን ነው ብያችኋለሁ።

«አንድ ኸሪፍ ልጨምር» ይላል ትግሉ። «አርሼ፣ ገዝተን፣ እንደ ሰው እንገባለን።»

«የእናቴ ዓይን አንድ ኸሪፍ ይጠብቃል ያለህ ማነው?»

«ታዲያ ባዶ እጄን አማቴ ቤት ልግባ? ባለፈው እንዴት እንደገባሁ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ሁለት ዓመት ከፈልኩት እኮ።»

ይሄን ካለች በኋላ ትግሉ ዝም ይላል። ዝም ያለ ባል ደግሞ አንድ ነገር እያሰበ ነው።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣ። «ታኬ፣ ራክሻዋን ይዘህ ና» አለኝ። መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅሁም። ሐጂ ኸድር ሱቅ ሄድን። አራት ቶብ፣ አንድ ካርቶን ሽቶ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ሁሉም በዱቤ። እኔው ተሸክሜ ጫንኩ። ቆንጆ ዕቃ ስለሆነ፣ እውነቴን ነው፣ የኔ ይመስል ደስ ብሎኝ ነበር የምነዳው። በውስጥ ለውስጥ መንገድ ሳይሆን በዋናው መንገድ ነዳሁ፣ ሰው እንዲያየን።

መክሊት የግቢው በር ላይ ቆማለች።

«ምንድን ነው የጫንከው፣ ታከለ?»

«ዕቃ።»

«የማን?»

ትግሉን አየሁት። ትግሉ የራክሻዬን ጎማ ያያል።

አንዱን ቶብ ከላስቲኩ አወጣችው። ብርቱካንማ ነው፣ ዳር ዳሩ ላይ ወርቃማ ክር ይሄድበታል። ወደ ብርሃኑ ዘረጋችው። እንደወደደችው አየሁ፤ እጇ ሁለት ጊዜ አሻሸው።

«ለማን ነው?»

«ለእናትሽ» አለ ትግሉ።

«እናቴ አታየውም እኮ፣ ትግሌ።»

ቶቡን እንደዘረጋች ወደሱ ዞረች።

«የጨርቁን ቀለም አታየውም። የኔን ፊት ግን በመዳፏ ታየዋለች። እሱም እሷ እስካለች ነው።»

«ሰው ምን ይለኛል?» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ያን ቀን በአንድ መኪና ዕቃ የገባ ሰውዬ…»

«ይበሉህ። አንድ ሳምንት ይሉሃል፣ ይደክማቸዋል። ባለፈው እነሱ ዕቃውን ሲያዩ እኔን ያየኝ የለም። አሁን ይዩኝ።»

ቶቡን አጣጥፋ፣ እንደነበረ፣ ላስቲኩ ውስጥ መለሰችው። እኔ ራክሻዬን አዞርኩ። አዙር ያለኝ የለም።

ሐጂ ኸድር ዕቃውን ቆጥረው ተቀበሉ።

«እሷ ናት?» አሉኝ።

«እሷ ናት።»

ትንሽ አሰቡና «እህት የላትም ወይ? ለልጄ ለጀማሉ ነበር» አሉ።

ሄዱ። አንዲት ትንሽ ቦርሳ ለሁለት። የጋላባት አውቶቡስ ጋ እኔ ነኝ ያደረስኳቸው። ትግሉ በእጁ የሚይዘው አጥቶ ሲቸገር ይታያል፤ አንዴ እጁን ኪሱ ውስጥ ያስገባዋል፣ አንዴ ጀርባው ላይ ያደርገዋል። መክሊት ዝም ብላ ያዘችለት።

ሦስት ሳምንት ቆዩ። እኔ በየማታው ለስላሳዬን ገዝቼ በሬ ላይ ቁጭ እላለሁ፣ የሚናገረኝ የለም። የተዘጋ በራቸውን እያየሁ እጠጣለሁ። እንዲህ ጣዕም የሌለው ነገር በገንዘቤ ስገዛ መኖሬን ያኔ ገባኝ። እንኳን ሰው፣ ሚኒስትርም ይናፈቃል ለካ።

ሲመለሱ ወሬውን ተቀባብለው ነገሩኝ። ከመኪና ሲወርዱ ዘመድ ሁሉ መጀመሪያ ያየው እጃቸውን ነው። የመክሊት አጎት ዳምጤ መንገዱን ወደ ኋላ አሻግሮ አይቶ፣ አይቶ፣ «ዕቃው በሌላ መኪና ነው የሚመጣ?» አለ። ትግሉም ላቡ እየወረደ «አይ፣ ይሄው እኛው ነን» አለ። ሰፈሩ «ሱዳን አከሰረው» ሲል ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት በሬ ገደል ገባና ወሬው ወደ በሬው ዞረ።

«እናትሽስ?» አልኳት።

መክሊት መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ፊቴን ዳሰሰችኝ» አለች። «ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ጆሮዬን። ‹ከስተሻል› አለችኝ። ኋላ ሁለተኛ ዳሰሰችኝና ‹ግን አንቺው ነሽ› አለች። ሽቶ የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«አንተስ፣ እናትህን ካየህ ስንት ዓመትህ ነው?»

ስድስት ዓመቴ ነው። አርማጭሆ ናት፣ ሩቅ አይደለችም። ከአንገረቤ ስር አንድ ትልቅ ቦርሳ አለኝ፣ ለሷ ስል የምሞላው። በየዓመቱ አንድ ነገር እጨምርበታለሁ፣ በየዓመቱ ይጎድልብኛል። ሁለቱ ሽቶ ሳይከፈት ተንኖ አልቋል። ነጠላ ጫማውን ባለፈው አይጥ በልቶታል።

«ቦርሳው እስኪሞላ ነው» አልኳት።

አየችኝ፣ ምንም አላለችኝም። አንዲት ቃል ብትናገረኝ እከራከራት ነበር፤ በክርክር እንደማልረታት ባውቅም እከራከራት ነበር። ዝም ስትለኝ ግን መግቢያ አጣሁ።

በነጋታው እሑድ የአገር ቤት ካርድ ሞልቼ ደወልኩ። እናቴ ስልክ የላትም፤ የጎረቤቷ የእትዬ ባፈና ስልክ ነው። እስክትጠራልኝ ድረስ ገንዘቡ ሲበላ ይሰማኝ ነበር። ኋላ ትንፋሿ መጣ፣ ሮጣ ነው የመጣችው።

«ማን ሞተ?» አለችኝ።

«ማንም አልሞተ እማየ። ታከለ ነኝ። ልመጣ ነው።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«ግን ምንም አልያዝኩም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ዕቃ። ሽቶ፣ ልብስ ምናምን። ባዶ እጄን ነው።»

«ሽቶ ምን ያደርግልኛል? መቼ ነው የምትመጣ?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ምንድን ነው?»

«እሑድ።»

ቀናቱን እያጉተመተመች ስትቆጥር ሰማኋት።

«ታዲያ እኔ» አለችኝ፣ «እስከ ሐሙስ እንዴት ልሁን?»