ለውርጭ ያልተበገረች ሽንኩርት

ነጋዴ ስለሚሸጠው ዕቃ ከዋጋው በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። እኔን እዩኝ፦ ሰቆጣ ገበያ ስንት ዘመን ሽንኩርት ስሸጥ ኖሬ፣ ሽንኩርት ከጆንያ የሚወለድ ነበር የሚመስለኝ!

ጣጣው የመጣው በአማቴ፣ በሚስቴ እናት ነው። ጽጽቃ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን የሺን ከዳሩልኝ ጀምሮ «ነጋዴ ሰው ያበቀለውን ይሸጣል እንጂ ምን ያበቅላል?» ማለት ይወዳሉ። ዘንድሮ ገናን እኛ ቤት ሊውሉ ሆነ። እኔም በስልክ፣ ዶሮው የሚሠራው በገዛ ጓሮዬ ሽንኩርት ነው ብዬ ፎከርኩ። አፍ ሲከፈት... ምን እንደሚታይ ታውቁታላችሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ ከራሳቸው ዘር ሰጡኝ፤ ትንንሽ፣ ቀያይ የሐበሻ ሽንኩርት።

«ይቺ ለውርጭ አትበገርም። አንተ ብቻ አትንካት» አሉኝ።

መስከረም ሲያልቅ ተከልኩ። ኅዳር ላይ ውርጩ መጣ፤ ጠዋት ጓሮው ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ሽንኩርቷ ጫፍ ጫፏ ተለበለበ እንጂ ከቁብም አልቆጠረችው። ያልቻልኩት እኔ ነኝ! የሱቅ ሽንኩርት በየጠዋቱ ካልተገላበጠ፣ የበሰበሰው ካልተለየ፣ ጆንያው በሙሉ ይበላሻል። እጄ ይህን ለምዷል። አንዷን ነቀል... ጫን ጫን... ደህና ናት፤ መልሼ ቀበርኳት። በማግስቱ ሌላዋን። ከመደቡ ሁሉ ሳልመረምራት የቀረች የለችም።

እርግጥ ሱቄ በር ላይ «ደንበኞች፣ ሽንኩርት መነካካት ክልክል ነው» የሚል ካርቶን ሰቅያለሁ። ግን እኔ ደንበኛ ነኝ እንዴ?

ለገና አማቴ መጡ፤ የመንገዱን አቧራ ሳያራግፉ ቀጥታ ወደ ጓሮ። መደቡ ላይ የቀረው እንደ አሮጌ መጥረጊያ የደረቀ ቅጠል ነው።

«ውርጭ መታብኝ፣ እማማ» አልኳቸው።

አማቴ በአጥሩ ተንጠራርተው ወዲያ አዩ። እትዬ ሙሉ ቁጭ ብለው ያንኑ ሽንኩርት በእቅፍ በእቅፍ እየነቀሉ ነበር።

«ውርጩ ይቺን አጥር መዝለል አቅቶት ነው?»

እትዬ ሙሉ ቀና እንኳ አላሉም። «ኧረ ውርጩስ አልፎ አልፎ ነው የሚመጣ። እሱ ነው ጠዋት ጠዋት የማይቀር።»

የገናው ዶሮ በእትዬ ሙሉ ሽንኩርት ተሠራ። ጣፍጧል አሉ፤ እኔ ደረቅ እንጀራ ብቻ ስለቆረስኩ አላጣራሁም።

በማግስቱ ሱቄን ስከፍት ካርቶኑ የለም። ለምሳ ቤት ስገባ አገኘሁት፤ አማቴ ጓሮው መግቢያ ላይ ሰቅለውታል። «ደንበኞች» የሚለውን የሺ በከሰል ሰርዛ፣ የእኔን ስም ጽፋበታለች።