«ወራጅ አለ» ያላልኩበት ቀን

አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው መንገድ አይጠፋውም። ይህን የምለው ፈላስፋ ሆኜ አይደለም፤ ሦስት መንገድ ቀርቦልኝ የማይሆነውን የመረጥኩ ሰው ስለሆንኩ ነው። የድሮ ሰው ምን ነበረበት? ወይ ይሄዳል፣ ወይ ይቀራል። ዛሬ ማኪያቶ እንኳ «ነጣ ይበል ጠቆር?» ሳይባል አይታዘዝም። ምርጫ ሲበዛ ደግሞ ጸጸቱም አብሮ ይበዛል፤ የተውከው ነገር ሁሉ ቆይቶ ተራ በተራ ይወቅስሃላ! እኔን እስከ ዛሬ የሚወቅሰኝ አንድ ሰማያዊ ባጃጅ ነው።

ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ሐይቅ ተመድቤ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የምኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጋሼ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ነበር። ተከራይ ነበርኩ ማለት ይከብደኛል፤ ልጅ ነበርኩ። ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ራስጌዬ ተቀምጠው በማንኪያ አጥሚት ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ስል «አብሽር፣ ይቺን ብቻ» ይሉኛል፤ ያቺ «ይቺን ብቻ» ግን ሳህኑ እስኪያልቅ አታልቅም።

አረፋ ሲመጣ ደግሞ ለቤታቸው ከሚያርዱት ሌላ ለእኔ ለብቻዬ ጠቦት ይጎተታል። እሳቸው እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ እሳቸው የባረኩትን እኔ አልበላም። ስለዚህ ጎረቤታቸው አቶ ካሳው ማተባቸውን አንጠልጥለው፣ ቢላቸውን ስለው ይመጡና «በስመ አብ» ብለው ያርዱልኛል። ከዚያ እኔና አቶ ካሳው ሳምንቱን ሙሉ እንበላዋለን፤ ጋሼ እንድሪስ ደግሞ ማዶ ተቀምጠው «ጨው አነሰው እንዴ?» እያሉ ያልቀመሱትን ወጥ ያማክሩናል። ወሎ እንዲህ ነው፤ ሃይማኖትህንም አይነካብህ፣ ሆድህንም አያስርብህ።

ስቀየር ሌላ የምሰጠው ቢጠፋኝ ቡናማ ካፖርቴን ትቼላቸው ሄድኩ። አንገቱ ላይ ጸጉር የነበረው፣ በዘመኑ ያኮራ የነበረ ካፖርት ነው። ስሰናበት «በቅርቡ እመጣለሁ» አልኩ። ይህቺ «በቅርቡ» ሃያ ዓመት ሞላት።

አምና ሪያድ የምትሠራው ልጃቸው ስልክ ላከችላቸውና እንደገና ተገናኘን። ስልክ ይባል እንጂ እሳቸው ዘንድ የቤት ዕቃ ነው፤ ጥለት ባለው ከረጢት ተደርጎ ምሰሶው ላይ ይሰቀላል፤ ከቤት አይወጣም። በዚያ ስልክ አንድ ቀን፣ ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው መሆኑን ነገሩኝ። አንደኛው ጨርሷል፤ ሁለተኛው ጥላ ጥላ እያለባቸው ነው። «ምንም አልፈልግብህ፤ ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንዴ መልክህን ልየው» አሉኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን ሰምቶ የሚቀር? እኔ ዓይነት።

ዕድል ቀናኝና የሰፈራችን ማኅበር ወደ ግሸን ጉዞ አዘጋጀ። በመልሱ ሐይቅ ላይ ከአምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ እናርፋለን ተባለ። ወዲያው ደውዬ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለችው ትልቅ ሾላ ሥር እንዲጠብቁኝ ነገርኳቸው። ቀኑ ምን እንደሚውል ጠየቁኝ፤ ሐሙስ ነው አልኩ። «ጾም አይደለማ?» ብለው አጣሩ። አይደለም አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ለምን እንደጠየቁኝ ለማሰብ አንድ ደቂቃ አላጠፋሁም።

ሐሙስ ሐይቅ ስንደርስ አውቶቡሳችንን ሰይድ የሚባል ከዱባይ የተመለሰ ወጣት ተቀበለው። ሰይድ ዱባይ ወደብ ላይ ሲሠራ ያየውን ነገር ለአገሩ ይዞ መጥቷል። እሱ እንደሚለው እዚያ ፎቅ የሚያህል መርከብ ይቆምና የአንድ ቀበሌ ሕዝብ ያራግፋል። ሕዝቡን ጣራ የሌለው አውቶቡስ ተቀብሎ ከተማዋን ያዞረዋል። ደስ ያለው ደስ ያለው ቦታ ይወርዳል፤ ሲበቃው በሚቀጥለው ዙር ይሳፈራል፤ መርከቡ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉም ወደ ሆዱ ይገባል። «ሐይቅ ምን ይጎድላታል?» አለን ሰይድ። «ውኃው አለ፤ መርከቡ የእናንተ አውቶቡስ ነው።» አንድ ያረጀ ቅጥቅጥ ገዝቶ ጣራውን አስቆርጦ፣ የእንቁላል አስኳል አስመስሎ ቢጫ አስቀብቶታል። ጎኑ ላይ «ፈልገህ ውረድ፣ ፈልገህ ተሳፈር» ተጽፎበታል። ማሻአላህ! ያስቀናል።

እንግዲህ ሦስት ምርጫ ቀረበልኝ። አንዱ ከምዕመናኑ ጋር በእግር ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መሄድ ነው፤ ይህ ለነፍስ ነው። ሁለተኛው ያ ሰማያዊ ባጃጅ ነው፤ በሩብ ሰዓት ጋሼ እንድሪስ ደጅ ያደርሰኛል። ሦስተኛው ቢጫው። እኔ ደግሞ የሂሳብ አስተማሪ ነበርኩና አሰላሁ። ባጃጁ የሚወስደኝ አንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው። ቢጫው ግን ሐይቁን አሳይቶኝ፣ ገዳሙን ከሩቅ አሳልሞኝ፣ የአምባሰልን ተራራ በቀኝ አስቀምጦልኝ፣ ያውም በጋሼ እንድሪስ በር ያልፋል። ሁሉን የሚያስገኝ እያለ አንዱን ብቻ የሚያስገኘውን የሚመርጥ ምን ዓይነት ሂሳብ አዋቂ ነው? ትኬቴን ቆረጥኩና ከላይ፣ ከፊት ወንበር ላይ ጉብ አልኩ። ባለ ባጃጁ «ጋሼ፣ እኔ ቶሎ አደርስዎ ነበር» ብሎኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ትኬቴን አሳየሁት።

ተነሳን። ሰይድ በአንድ እጁ ድምጽ ማጉያ፣ በአንድ እጁ ብረቱን ይዞ ያስጎበኘናል። ከጀርባ አምባሰል ቅኝት ተለቋል፤ ነፋሱ ፀጉር ላለው ፀጉሩን ያበጥራል፣ እኔን መላጣዬን ያቀዘቅዘኛል። ስንሄድ «በቀኝ በኩል ሐይቁ ይታያችኋል» ይላል፤ ስንመለስ «በግራ በኩል ሐይቁ ይታያችኋል» ይላል። ሐይቁ ምን ያድርግ፣ ባለበት ነው። እኔም ያዩትን ሁሉ በስልክ ፎቶ ከሚያነሱት ሰዎች አንዱ ሆኛለሁ፤ እንደዚህ ዓይነት ሰዎችን ቤቴ ሆኜ ስንቴ አምቻለሁ!

ሾላዋን በዓይኔ እፈልጋለሁ። ትልቅ ናት፤ ከሩቅ ትታያለች። አልታየችም። በአንድ በኩል ሱቅ ተሠርቷል፣ መንገዱም ሰፍቷል፤ አገሩ ተለዋውጦብኛል። ገና ነው ማለት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ መንገድ ዳር አንድ ሽማግሌ በግ በገመድ ይዘው ዱላቸውን ወደ እኛ አነሱ። ሰይድ «የወሎ ሰው እንግዳ ሲያይ እንዲህ ነው፣ እጃችሁን አውለብልቡላቸው» አለን። አውለበለብን። በኋላ ቀስ ብዬ ስጠይቀው፣ ገበሬው ሁሉ መኪናውን የሕዝብ ትራንስፖርት እየመሰለው እንደሚያስቆም፣ ትኬት ለሌለው ከቆመ ደግሞ ሥራው ሥራ እንደማይሆን ነገረኝ። ሳቅን።

መናኸሪያው ስንደርስ ደወልኩ። ስልኩ ይጠራል፤ ማንም አያነሳም። ሰው ደግሞ እንግዳ እየጠበቀ ስልኩን አያነሳም? ብዬ ታዘብኳቸው። ስልኩ ምሰሶው ላይ መሆኑን ረስቼዋለሁ። ያኔ ባጃጁ እዚያው ቆሞ ነበር። ግን ትኬቱ የሙሉ ቀን ነው፣ ሰዓቱ ገና ነው፣ ወንበሩም ከተለቀቀ አይገኝም። በሁለተኛው ዙር ሾላዋን ደህና አድርጌ አያታለሁ አልኩ። የዚህ መኪና ክፋቱ ይህ ነው፤ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ዙር አለ። ጠባቡን የአዲስ አበባ ታክሲ እወደዋለሁ፤ ካልወረድክ አልፎህ ሄደ ነው፣ ስለዚህ ትወርዳለህ።

በሁለተኛው ዙር ሽማግሌው እዚያው ቦታ ናቸው። አሁን ሁለት ሆነዋል፤ ሌላ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አጠገባቸው ቆመዋል። በጉም አለ። ሁለቱም እጃቸውን አነሱ። ሰላምታ የማይሰለቻቸው ሰዎች! አልኩና ፎቶ አነሳኋቸው። ጥሩ ወጣ። አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ አሳየኋቸው፤ «ሲያምሩ!» አሉ። ሾላዋ ግን የለችም።

በሦስተኛው ዙር በጉ የለም፤ ባለ ጋቢውም የሉም። ሽማግሌው ብቻቸውን ድንጋይ የመሰለ ነገር ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱላቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እጃቸውን አላነሱም። እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ሰው በሁለት ዙር ሰላምታ ይሰለቻል? ብዬ እኔው ቀድሜ እጄን አውለበለብኩላቸው። ከዚያ የእኛ «መርከብ» ጥሩምባውን ነፋ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ተሳፈርን፤ ወደ ደሴ ሄድን። መንገዱን ሁሉ ሰው ቃሉን አያከብርም እያልኩ ጋሼ እንድሪስን ወቀስኩ። አዎ፣ እሳቸውን!

ቤቴ ገብቼ ፎቶዎቹን ለባለቤቴ አሳየኋት። የአምባሰል ልጅ ናት። ሐይቁን አየች፣ ተራራዋን አየች፣ እሰይ አገሬ አለች። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘንድ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እነዚህ ሰዎች ማንን ነው የሚጠብቁት? አለችኝ። ማንንም፣ ሰላም እያሉን ነው አልኳት። አየችኝ። «አንተ ሰው፣» አለች፣ «ባለ ቆቡ እስላም ነው። ባለ ጋቢው ማተብ አስሯል፣ ጋቢው ሥር የያዘው ቢላ ነው። በጉን እስላሙ ይዞታል። የእስላም በግ ክርስቲያን አራጅ የሚቆምለት መቼ ነው? ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ አይደል? የሰው እንግዳ ቀርቶባቸዋል፤ ምስኪኖች!»

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ፎቶውን አሰፋሁት። ሽማግሌው በዚያ ፀሐይ ካፖርት ለብሰዋል። ቡናማ ነው። የአንገቱ ጸጉር አልቋል፤ ቁልፎቹ ግን ሁሉም አሉ። እኔ እንድለያቸው ነው የለበሱት። ከእግራቸው ሥር ደግሞ ጉቶ አለ፤ ድንጋይ የመሰለኝ የሾላዋ ጉቶ ነው። እኔ ዛፍ ስፈልግ ሰው አለፈኝ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ይባላል፤ እኔ ሦስት ጊዜ ዞሬ በቤቱ በር አለፍኩ። ከእኔ የሚጠበቀው እኮ ሁለት ቃል ነበር። አዲስ አበባ ላይ በቀን አራቴ የምጮኸው፣ ረዳት እንኳ የሰለቸው፣ «ወራጅ አለ»። ባለቤቴ ምን ሆንክ አለችኝ። እንግዳው እኔ ነኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ ራት አልቀረበም፤ ቢቀርብም አልበላም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ በማግስቱ ደወልኩ። ሙሉውን እውነት ልናገር ነበር፤ ወላዲት አምላክን፣ ልናገር ነበር። ጋሼ እንድሪስ ግን «ኧረ አንተ! ደህና ገባህ? መንገዱ አላደከመህም?» ብለው ድምጻቸው በደስታ ሲሞላ አፌ ሌላ ነገር አወጣ። አውቶቡሳችን ሐይቅ ላይ ሳይቆም በቀጥታ አለፈ አልኳቸው። «እንኳንም አልቆመ!» አሉኝ። «እኔም ወላሂ ያን ቀን ውጫሌ ገበያ ውዬ ነበር። ብትመጣ ባዶ ቤት ነበር የምታገኘው። እንዴት ተጨንቄ ነበር መሰለህ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ገላገልከኝ።»

በአንድ ጆሮዬ ስልኩ፣ ፊት ለፊቴ ደግሞ በባለቤቴ ስልክ ላይ የላክኩላት ያ ፎቶ አለ። ገበያ የዋሉት ሰው በግ ይዘው ጉቶ አጠገብ ቆመውልኛል። ውሸቴን አላጋለጡትም፤ እንዳይከብደኝ ግማሹን ራሳቸው ተሸከሙልኝ። እንደ አጥሚቱ። ወሬ ለመለወጥ ያህል፣ ዓይንዎ እንዴት ነው? አልኳቸው። ይህንንም አለመጠየቅ ይሻለኝ ነበር።

«ዓይኔማ ያው ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምጻቸው። «ሰው መለየት ትቷል። ቢጫ ነገር ሲያልፍ ግን እስካሁን ደህና አድርጎ ያያል።»