አንድ ክፍል ለአሥራ አራት ሰው

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። በደመወዝ ሊስት ላይ ስሜን፣ ለእናቴ ደግሞ ሁለት ሦስት ደብዳቤ። በቃ፣ ጽሑፌ ይኸው ነው።

ግን በዚህ ሽርሽር የሆነውን በአፌ ብነግራችሁ አታምኑኝም። በአፌ ልነግራችሁም አልችልም። ስለዚህ ጽፌ እዚህ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ቢያንስ ስትስቁ ፊታችሁን አላይም።

ሌላም ምክንያት አለ። ሊቀመንበራችን ጓድ አስካለ፣ “ለግድግዳ ጋዜጣው የጉዞውን ሪፖርት አንቺ ትጽፊያለሽ” አሉኝ። ቅጣት ነው አላሉም።

ቅጣት ነው።

ከሌላ ማኅበር መጥታችሁ ለምታነቡ፣ እኛ እዚህ ናዝሬት ዩኒፎርም የምንሰፋ የልብስ ስፌት ማኅበር ነን። እኔ ከመስኮቱ በኩል ሁለተኛው መኪና ላይ የምቀመጠው ልጅ ነኝ። አታውቁኝ ይሆናል። ድምፄ ከመኪናው ድምፅ በታች ነው።

የዘንድሮውን ሥራ ከቀኑ ቀድመን ስላስረከብን ሽርሽር ተፈቀደልን። ፕሮግራሙ እንዲህ ነበር፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ዝዋይ፣ እዚያ ሆቴል አድረን እሑድ ማለዳ በሞተር ጀልባ ሐይቁ መሀል ወዳለው ደሴት፣ ማታ ወደ ቤት። ጀልባ ነው የተባለው፤ እኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ “መርከቡ” ስንል ሰነበትን። ለመርከቡ ብላ ሻርፕ የገዛች አለች። ስሟን አልጠራም። ቀይ ሻርፕ ነው።

ከመካከላችን ያንን ሐይቅ የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ የቁልፍ ቤት የሚሠሩት እትዬ አመለወርቅ። የተወለዱት እዚያ ደሴት ላይ ነው። ለባል ተድረው ከወጡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ልጅ ነው፣ ሥራ ነው፣ የይለፍ ወረቀት ነው። ደግሞ እትዬ ለራሳቸው ጉዳይ ፈቃድ መጠየቅ አይሆንላቸውም።

ታላቅ እህታቸው ግን አሁንም እዚያው ናቸው። ባለፈው ወር ዓሣ ይዞ ወደ ገበያ የመጣ ሰው መልእክት አደረሳቸው። “እህትሽ ዓይናቸው እየደከመ ነው። ሳይጨልምብኝ ፊትሽን ልየው ብለውሻል።”

ይህንን ለማንም አልተናገሩም። ለእኔ ብቻ ነገሩኝ፤ እኔ ለማንም ስለማልናገር። (ይኸው ግድግዳ ላይ ወጣ። አስፈቅጃለሁ።) በምሳ ሰዓት ከቁራጭ ጨርቅ ለእህታቸው ቀሚስ ይሰፉ ነበር። ልክ የለም። “ያኔ እኔን ታህል ነበር” እያሉ በራሳቸው ገላ እየለኩ።

እንግዲህ ኮሚቴው ሆቴሉንና ጀልባውን የሚያስይዝ ሰው ሲፈልግ ማንን መረጠ?

እኔን።

ምክንያት፦ የእጅ ጽሑፌ ያምራል።

እውነትም ያምራል። ሁሉን ነገር በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ አሳምሬ ጻፍኩት። አሥራ አራት ሰው። ሰባት ክፍል። ራት ለሁሉም። ጀልባ ላይ አሥራ አራት ቦታ፣ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት። “ሰባት” የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ከዚያ ወረቀቱን ይዤ ወደ ቴሌ ሄድኩ።

አዳራሹ በሰው ሞልቶ ነበር። ተራዬ ደርሶ “ዝዋይ፣ ካቢና ሁለት” ተብሎ ሲጠራ ናዝሬት በሙሉ ዞሮ ያየኝ መሰለኝ።

ስልኩን ያነሱት የሆቴሉ ባለቤት ናቸው፤ ትልቅ ሴት። ድምፃቸው የአክስት ድምፅ ነው። ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። የሚቆጣ ሰው ቢሆን ኖሮ ፈርቼ ወረቀቴን አነብለት ነበር።

“ከናዝሬት ነው የምደውለው፤ ለቅዳሜ ማደሪያ ፈልገን ነበር” አልኩ።

“እሰይ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስንት ክፍል ልያዝልሽ የኔ ልጅ?”

ወረቀቴ ላይ ሰባት ይላል። በቀይ።

“ኧረ አይቸገሩ” አልኳቸው። “አንድም ይበቃናል።”

አትሳቁ። ወይም ሳቁ፣ ግን እናታችሁ እናንተንም እንደኔ አሳድጋችሁ እንደሆነ መጀመሪያ አስቡ። እኛ ቤት ሕጉ የታወቀ ነው። ሰው ቤት መጀመሪያ ሲሰጡሽ “አይ፣ ጠግቤያለሁ።” ሁለተኛ ሲሰጡሽ “ኧረ በሞቴ፣ አልችልም።” በሦስተኛው አንገትሽን ደፍተሽ ትንሽ ትቀበያለሽ። በመጀመሪያው የተቀበለች ልጅ ቤቷ ስትገባ ትቆነጠጣለች። እኔ አንድ ቀን ተቆንጥጫለሁ። አልረሳሁትም።

“አንድ ብቻ?” አሉ ሴትዮዋ።

ሁለተኛው ጥያቄ መሆኑ ነው።

“አዎ፣ እሱም ካለ።”

ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አፌ ላይ “እንግዲህ ካሉ ሰባት” የሚለው ተዘጋጅቷል።

“እሺ፣ አንድ” አሉና ጻፉት።

ራት ይዘጋጅላችሁ ወይ አሉኝ። በልተን ነው የምንመጣው አልኩ። እሑድ ጀልባ ትወጣላችሁ፣ ስንት ቦታ ላስይዝ አሉኝ። እኔ ደግሞ፣ አምላኬ ሆይ፣ “ከሌላው ሰው የተረፈ ቦታ ካለ፣ አንድም ቢሆን” አልኳቸው። ወዲያው ኦፕሬተሯ ገብታ ሦስት ደቂቃ ሞልቷል አለች።

በሦስት ደቂቃ ስልክ ሦስት ጊዜ መለመን አይደርስም። ይህንን ማንም አላስተማረኝም።

ደግሜ ልደውል አስቤ ነበር። ግን እኚያን የመሰሉ ጨዋ ሴት ሁለተኛ ላስቸግር? ደግሞስ ጨዋ ሰው ይገባዋል። ከናዝሬት ድረስ ስልክ ተደውሎ አንድ ክፍል ይባላል እንዴ? ጨምረው ያዘጋጃሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጓድ አስካለ “ሁሉም አለቀ?” ሲሉኝ፣ “አልቋል” አልኩ።

ቅዳሜ ሞጆን አልፈን መቂ ላይ ዳቦና ቲማቲም ገዛን። እትዬ አመለወርቅ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ የእህታቸውን ቀሚስ በፌስታል ጠቅልለው ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። አልዘፈኑም፣ አላጨበጨቡም። ሐይቁ ከሩቅ ብልጭ ሲል ግን እጄን ያዙኝ።

ሆቴሉ በር ላይ ባለቤቷ ወጥተው ቆመዋል። ከአውቶቡሱ ስንወርድ ይቆጥሩናል። አምስት። ስምንት። አሥራ አንድ። ፊታቸው እየተለወጠ ሄደ።

“እናንተ ደግሞ ከየት ናችሁ?”

“ከናዝሬት” አሉ ጓድ አስካለ። “ክፍል አስይዘናል።”

“ከናዝሬትማ የተያዘው አንድ ክፍል ነው። አንዲት ጨዋ ልጅ ደውላ፣ አንድ ይበቃናል፣ ራትም አንፈልግም አለችኝ። እኔ አዲስ ሙሽሮች ናቸው ብዬ!”

በሩን ከፍተው አሳዩን። ሁለት አልጋ አጠጋግተው፣ ነጭ አንሶላ አንጥፈው፣ በጠርሙስ አበባ አድርገዋል።

አሥራ ሦስቱም ዞረው እኔን አዩ።

ጋሽ ቱፋን ታውቋቸዋላችሁ፣ ጨርቅ ቆራጩ፣ ከመካከላችን ብቸኛው ወንድ። ሴት ልጅን ሁሉ በኦሮምኛ “ኢንተላ” ነው የሚሉት። አበባውን አዩ፣ እኔን አዩ።

“ያ ኢንተላ፣ እንግዲህ ባልየው እኔ ነኝ ማለት ነው?” አሉ። “ሚስቴ ናዝሬት ሆና ይህን ከሰማች መርከቡም አያድነኝም። እኔ ከሾፌሩ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።”

ሌሎቹ ክፍሎች ለሴሚናር በመጡ መምህራን ተይዘዋል። ከተማውን ዞርን፣ ሁሉም ሞልቷል። አሥራ ሦስት ሴት በሁለት የሙሽራ አልጋና በወለሉ ላይ ተደረደርን። ራት ዳቦና ቲማቲም። ባለ ሻርፗ ሻርፗን ለትራስ አጠፈችው።

ጓድ አስካለ አልተቆጡም። “ወረቀቱን አሳዪኝ” አሉ። ሰጠኋቸው። “ሰባት” የሚለውን፣ ቀዩን መስመር፣ እኔን፣ ተራ በተራ አዩ። አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር።

ስለ ጀልባው ግን ማንም አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም። እትዬ አመለወርቅ አጠገቤ ተኝተው ቀስ ብለው፣ “ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አይደል?” አሉኝ።

“አዎ እትዬ” አልኩ።

ዓይኔን አልከደንኩም።

ማለዳ ሐይቁ ዳር ስንደርስ ጀልባዋ ቆማለች። መምህራኑ ገብተው ተቀምጠዋል። ጀልባ ነጂው በጣቱ ቆጠረንና ራሱን ነቀነቀ።

“ለናንተ የተያዘው አንድ ቦታ ነው።”

ሁለተኛ ዙር የለም፤ ቤንዚኑ በራሽን ነው። ቆይቶ መሄድም የለም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ማደርም የለም፤ የይለፍ ወረቀታችን የሚያገለግለው እስከ እሑድ ማታ ነው።

አንድ ቦታ።

አሁን የመጣውን ስሙ። አሥራ አራት ሰው ለአንድ ቦታ ሊጣላ ነው ብላችኋል? በጭራሽ። የተጣላነው ላለመግባት ነው።

“ጓድ አስካለ ይግቡ፣ ሊቀመንበር ናቸው።”

“ኧረ ጋሽ ቱፋ ይግቡ፣ ታላቃችን እሳቸው።”

“እኔ? ውሃ የምወደው በብርጭቆ ነው። ባለ ሻርፗ ትግባ፣ ለመርከቡ ብላ ገዝታ።”

“ኧረ እኔ ምን ሆኜ እናንተን ትቼ!”

እትዬ አመለወርቅ ከሁላችን ኋላ ቆመው ነበር። ፌስታሉን ነጠላቸው ሥር ደብቀውታል።

“እናንተ እዩት” አሉ። “እኔ ተወልጄበታለሁ፣ ምን አዲስ ነገር አለው።”

ሰውም፣ “እሱስ እውነታቸውን ነው” አለ። ለምን አይል? የሚያውቅ የለም። ከእኔ በቀር።

ነጂው ገመዱን መፍታት ጀመረ። “ወይ ግቡ፣ ወይ ልሂድ።”

“እትዬ አመለወርቅ ይገባሉ” አለ አንድ ሰው ጮክ ብሎ።

እኔ ነኝ።

“አይ ልጄ” አሉ እትዬ። “ሌሎቹ ይሂዱ።”

አንድ።

“እትዬ፣ ይግቡ።”

“ሌላ ጊዜ እመጣለሁ። ምን ቸገረኝ።”

ሁለት። ይህንን ድምፅ አወቅሁት። የካቢና ሁለት ድምፅ ነው። ፌስታሉን እንዴት አጥብቀው እንደያዙት ታየኝ። እዚህ ላይ “እሺ” ብሎ የሚጽፍ ሰው ካለ ሁሉ ነገር አለቀ።

ሄጄ ክንዳቸውን ያዝኩ። “እትዬ፣ እህትዎ ዓይናቸው ሳይጨልም ፊትዎን ልየው ብለዋል። ቀሚሱን ማን ያድርስላቸው? ይግቡ።”

ጋሽ ቱፋ ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና እጃቸውን ዘረጉላቸው። ጓድ አስካለ ፌስታሉን ተቀበሉ። የእትዬ እግር ፈጠነ።

የቀረነው ዳር ቆመን እጃችንን አወዛወዝን። መርከብ የምሸኝ እንጂ የምሳፈር አይደለሁም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ዳር ላይ ተቀምጠን፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ ስናይ ዋልን። ባለ ሻርፗ ሻርፗን አስራ በነፋሱ ፊት ወዲያና ወዲህ አለች። የከፈለችበትን ያህል ለበሰችው።

አመሻሹ ላይ ጀልባዋ ተመለሰች። እትዬ አመለወርቅ ሲወርዱ ፌስታሉ በጋዜጣ በተጠቀለለ ጥብስ ዓሣ ተለውጧል። ሁላችንም ከበብናቸው፤ ማንም መጠየቅ አልደፈረም። ሰው ይሉኝታ አለበት።

“አየችኝ” አሉ እትዬ። “ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችውና፣ ‘ውይ፣ አርጅተሻል’ አለችኝ።” ከዚያ ሳቁ፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። “ቀሚሱ ጠበባት። ወፍራለች። አላወልቅም ብላ ለብሳው ቀረች።”

እንግዲህ ሪፖርቱ ይህ ነው። ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ፣ ሰባት ክፍል የፈለገ ሰው ሰባት ይበል እላለሁ። ስንናገረው እንዴት ቀላል ነው። እናንተ ግን ያንን የአክስት ድምፅ ብትሰሙ ትሉ ነበር? መልሳችሁን ከታች በእርሳስ መጻፍ ትችላላችሁ። ስድብ ከሆነ ግን በአንድ ሰው አንድ መስመር።

ተምሬያለሁ ብዬ እንዳልዋሻችሁ ደግሞ አንድ ነገር ቀርቷል። ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ እትዬ ዓሣውን አከፋፈሉ። እኔ ጋ ሲደርሱ ትልቁን ቁራጭ አነሱ። ከጠዋት ጀምሮ ዳቦ ብቻ ነው የቀመስኩት፤ ሽታው ራሱ ሊጥለኝ ነበር።

“ኧረ እትዬ፣ አይቸገሩ” አልኩ። “ጠግቤያለሁ።”

ዓሣውን መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፉልኝ።

“ያዥ” አሉ። “እኔ ሁለቴ አልጠይቅም።”